ሽማግሌው ቀድመው የሰሙት ዜና

ሲይዙኝ የሙሽራ ፊልም እየቆረጥኩ ነበር። ጅቡቲ ከተማ፣ ቡላኦስ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከጨርቅ ነጋዴዎቹ ጀርባ፣ ደንበኛ ሲገባ ሌላው ደጅ ቆሞ የሚጠብቅባት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። ሥራዬ ሠርግ መቅረጽ ነው። ሙሽራዋ በሂና ያጌጠ እጇን ከፍ አድርጋ ስክሪኑ ላይ እንደቆመች ፖሊሶች ገቡ። አለቃቸው ካሜራዬን፣ ስታንዱን፣ ካሴቶቼን፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰማያዊ መጋረጃ ሳይቀር እያስለቀመ ሳለ፣ ከኋላው የነበረው ፖሊስ ስክሪኑን ትክ ብሎ አየና "ይቺ የአክስቴ ልጅ ናት፤ ሲዲው መቼ ይደርሳል?" አለኝ። "እናንተ ስትለቁኝ" አልኩት። ቁም ነገሬን ነበር። እሱም እንደ ቁም ነገር ወስዶት አለቃውን "ቶሎ ይለቀቃል እንዴ?" ብሎ ጠየቀልኝ።

ጉዱ ያለው ሰማያዊው መጋረጃ ላይ ነው። ከአንድ የጅቡቲ ልጅ ጋር፣ እኔ እንኳ የድሬዳዋ ሰው ነኝ፣ "የነገ ዜና" የምንላት የቀልድ ቴሌቪዥን ነበረችን። ቴሌቪዥን ስል ጣቢያ ያለን እንዳይመስላችሁ፤ በሲዲ ከእጅ ወደ እጅ የምትዞር ነገር ናት። ጓደኛዬ ከወገቡ በላይ ኮትና ከረባት፣ ከጠረጴዛው ሥር ሽርጥ አድርጎ በሶማሊኛ ዜና ያነባል፤ እኔ እቀርጻለሁ፣ እቆርጣለሁ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ምርጫ ሲደርስ ውጤቱን አገር ሁሉ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ታዲያ ሰው ለምን እስከ ነገ ይጠብቃል? ዛሬውኑ እንንገረው አልን። የምርጫ ጣቢያ ሳይከፈት "መራጩ ሕዝብ በነቂስ ወጥቶ" ብለን አነበብን። ታዛቢዎቹ ከአውሮፕላን ሳይወርዱ "ሰላማዊና ፍትሐዊ ነበር" አሉ። ተሸናፊው ገና ሳይወዳደር ሽንፈቱን በጸጋ ተቀበለ። በመጨረሻ ጓደኛዬ ጉሮሮውን ጠራርጎ የአሸናፊውን ድምፅ አበሰረ። መጋረጃውን የገዛሁት ዋናው የመንግሥት ቴሌቪዥን የራሱን ከገዛበት ነጋዴ ነው፤ ከአንድ ጣቃ የተቀደደ ጨርቅ ነው ብሎ ምሎልኛል።

ሰው ወደዳት። ከሰዓት በኋላ ጫት ከገባ ወዲያ ጅቡቲ ውስጥ የሚሠራ ሥራ የለም፤ ወንዱ ሁሉ ማብራዝ በሚሉት የበርጫ ቤት ትራስ ላይ ጋደም ብሎ ይውላል። የእኛም ሲዲ ከበርጫ ቤት በርጫ ቤት ትዞር ነበር። ጓደኛዬ ነገሩ ሲሸተው ድንበር ተሻግሮ ጠፋ። እኔ የሰው ሠርግ አላልቅ ብሎኝ ቀረሁ።

ያሰሩኝ ከከተማው ዳር ባለ አንድ ግቢ ነው። ክፍሉ ሲሚንቶ፣ ጥግ ላይ ባልዲ፣ የብረት በር፣ በሩ ላይ ምግብ የሚያቀብሉባት ቀዳዳ። ግድግዳው ከባሕሩ በሚመጣው ጨው ተላልጧል፤ ወበቁ ትንፋሽ ያሳጥራል። ከጎናችን ያለው ሰፊ ክፍል ወደ የመን ሊሻገሩ ሲሉ በተያዙ የአገሬ ልጆች የተሞላ ስለነበር ቀኑን ሙሉ በግድግዳው በኩል ኦሮምኛና አማርኛ እሰማለሁ። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ የጠባቂዎቹ ቴሌቪዥን አለ። አንገቴን አጣምሜ በቀዳዳዋ ካየሁ ስክሪኑ ሙሉ በሙሉ ይታየኛል። እንግዲህ ለቀልድ ቴሌቪዥን ሠሪ ከዚህ የባሰ ቅጣት ማን ሊያስብ ይችላል?

ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው ቀድመውኝ ነበር። ሽማግሌ ናቸው፤ ጺማቸው በሂና የቀላ፣ በካናቴራና በሽርጥ ብቻ፣ ባዶ እግራቸውን፣ ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ሰላምታዬን ተቀበሉ። የመጣሁበትን ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው። ቀና አሉና፣

"አንተ ነህ እንዴ ያ ቴሌቪዥን?" አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው ማን እንደሆኑ የገባኝ። ከተማው ውስጥ ወሬያቸውን ያልሰማ አልነበረም።

እኚህ ሰው በአገሩ አጠራር ኦካል ናቸው። የጎሳ ሽማግሌ ማለት ነው፤ ሰው ሲጣላ ወደ ፍርድ ቤት ከመሮጡ በፊት እሳቸው ጋ ይሄዳል። አንድ ልማድ ነበራቸው። በየምርጫው ከሽማግሌ ሁሉ ቀድመው "እንኳን ደስ ያለዎት" የሚል መልእክት ለሬዲዮ ይልካሉ። ቀድሞ መልካም ምኞት ያስነበበ ሰፈር የውሃ ቧንቧ ቶሎ ይገባለታል የሚል እምነት አላቸው፤ የሚያስቅ እምነት አይደለም፣ አንዴ ገብቶላቸዋል። በዚያ ምርጫ ዋዜማ አስር ከሚባለው የከሰዓት ሶላት ተመልሰው ማብራዝ ሲገቡ የቤቱ ባለቤት ሲዲያችንን ከፍቶ ውሃ ሊያመጣ ወጥቷል። ሰማያዊ መጋረጃ አዩ። ከረባት አዩ። "አሸነፈ" ሲባል ሰሙ። ጫታቸውን ሳይፈቱ ተነሥተው መልእክታቸውን ላኩ። የሬዲዮው ሰውዬ ደግሞ፣ እጁ ለምዶት ነው መቼም፣ በማግስቱ ማለዳ መራጩ ገና ፊቱን ሳይታጠብ አነበበው። የድምፅ መስጫው በር ሳይከፈት የሰፈሩ ሽማግሌ በውጤቱ መደሰታቸውን አገር ሰማ።

"አዴር" አልኳቸው፤ አጎቴ ማለት ነው፣ እዚያ ትልቅ ሰው የሚጠራው እንዲያ ነው። "ምርጫው በማግስቱ መሆኑን አያውቁም ነበር?"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"ዘንድሮ ቀደም አድርገው ነገሩን ብዬ ነዋ።"

ሳቄ አፈነኝ። ቀና ብዬ ሳያቸው አይስቁም። ለምን ያስቃቸዋል? ከልባቸው ነው የተናገሩት። ዕድሜ ልካቸውን ካዩት ነገር ተነሥተው ያሰቡት ትክክለኛ ሐሳብ ነው። እኔና ጓደኛዬ አገር ይስቃል ብለን የሠራነውን ነገር እኚህ ሰው እንደ ተራ ቀን ቆጥረውት ወደ ስልክ ሄዱ። ስለዚያ ቀልድ ከዚህ የተሻለ ትችት ሰምቼ አላውቅም።

መርማሪው ጠዋት ጠዋት ይጠራኛል። ጫት ከመጣ በኋላ ማንም ማንንም አይጠይቅም። በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ሽቶው የሚያውድ ሰው ነው። አልመታኝም፤ ይህን ለፍትሐዊነት እናገራለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ እንቅልፍ ይነሣኛል።

"ለምን ቀነሳችሁ?"

"ምኑን ሼፍ?" አልኩት፤ እዚያ አለቃ ሁሉ ሼፍ ነው የሚባለው።

"ድምፁን። እናንተ ያነበባችሁት ከእውነተኛው ያንሳል። አሸናፊው ያገኙትን ድምፅ ቀንሳችኋል።"

እውነቱን ነው። ስንሠራው ትንሽ ቀንሰን ነበር፤ እንዲታመን ብለን። ያን ብነግረው ደግሞ ሌላ ክስ ሊሆን ነው። "ስህተት ነው" አልኩት። "ስህተት" ብሎ ጻፈ። በዚያች ምድር ድምፅ ሰርቀሃል ተብሎ የተከሰሰ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ሌላ ጠዋት ሻይ አዘዘልኝ። ሻይ ሲመጣ ፈራሁ።

"ሽማግሌው የተከበሩ ሰው ናቸው" አለ። "እኔንና አባቴን አንድ ጊዜ አስታርቀውናል። ልናስቸግራቸው አንፈልግም። ካሜራ ፊት ተቀምጠው 'አርጅቻለሁ፣ አእምሮዬ ደክሟል፣ የማደርገውን አላውቅም ነበር' ይበሉ። ምሳቸውን ቤታቸው ይበላሉ። አንተም ሱቅህን ትከፍታለህ።"

"እምቢ ካሉስ?"

"እሳቸው ይቆያሉ። አንተ በጭነት መኪና ወደ ድንበር ትሄዳለህ።"

"ማን ነው የሚቀርጸው?"

"አንተ ነሃ። ያን ካሜራህን እዚህ የሚያውቅበት የለም። ደግሞ ሐበሻ አፍ አያጣም፤ አሳምናቸው።"

ድንበር ማለት ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ እሱም ያውቃል። አንዴ ከወጣሁ ተመልሼ አልገባም። ሱቄ፣ ካሜራዬ፣ ከደንበኞቼ የተረከብኩት ያላለቀ ሠርግ ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ ጎልማሳነቴ ያለቀው እዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው። ወደ ክፍሉ ስመለስ የምናገረውን እያሳመርኩ ነበር።

"አዴር፣ ሁለት ቃል ናት" አልኳቸው።

"የትኞቹ?"

"አእምሮዬ ደክሟል ይበሉ። በቃ። ቤትዎ ይገባሉ።"

መልስ ከመስጠታቸው በፊት ሽርጣቸውን አስተካከሉ።

"እኛ ሰፈር በሁለት ቤተሰብ መካከል ደም ነበረ" አሉ። "ያስታረቅኳቸው እኔ ነኝ። ካሳው አልቋል፤ ልጅ ለልጅ ተጋብተዋል። ከሁለቱም ቤት ግን ዛሬም እርቁ ያላማረው፣ ሰበብ የሚፈልግ ጎረምሳ አለ። ያስታረቀን ሰው እብድ ነበር ከተባለ ያ እርቅ ምን ይሆናል?"

"እብድ ይበሉ አልተባሉም፤ ደክሞኛል ነው።"

"አንተ ሰፈራችንን አታውቀውም።"

"አዴር፣ እኔ እኮ ሱቄ ሊዘጋ ነው።"

"ሱቅ ይዘጋል፣ ይከፈታል ልጄ። ይሄ አንዴ ከተከፈተ መልሶ የሚዘጋው የለም።"

በገንኩ። እዚህ ላይ የምዋሽበት ምክንያት የለኝም፤ በጣም በገንኩ። የሰው አገር ጎሳ ተጣላ ታረቀ ለእኔ ምኔ ነው? ጀርባዬን ሰጥቻቸው ተኛሁ። እሳቸውም ምንም እንዳልተፈጠረ ሰገዱ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ መርማሪው ክፍል ወሰዱን። ሽማግሌው ያለ መነጽር አይታያቸውም፤ መነጽራቸውን፣ ከዘራቸውን፣ ኮፊያቸውን ሲገቡ ወስደውባቸዋል። የበሩን መቃን በግንባራቸው ገጩት። ከኋላ የነበረው ጠባቂ ሳቀ። ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። እኔ ካሜራዬን ስታንዱ ላይ አስሬ ባትሪውን አስገባሁና በካሜራው አየኋቸው።

እብድ ይመስላሉ። ምን ልበል፣ ይመስላሉ። ጸጉራቸው ቆሟል፣ ጺማቸው ተጣብቋል፣ ካናቴራው ላይ የሾርባ እድፍ አለ፣ ዓይናቸው የሚያርፍበት አጥቶ ግድግዳ ለግድግዳ ይዞራል። አንድም ቃል ባይናገሩ ይህ ምስል ብቻውን ሥራውን ይጨርሳል። የሰው ሠርግ ስቀርጽ ኖሬ የማውቀው ነገር አለ፤ ሰው መጀመሪያ የሚያምነው መልክን ነው። ትናንት የተናደድኩባቸው ሰውዬ ናቸው፤ ግን እንዲህ አድርጌ ልቀርጻቸው አልቻልኩም።

"ሼፍ፣ እንዲህ አይቀረጽም" አልኩ።

"ለምን?"

"ላቡ ያንጸባርቃል። ፊታቸው ይታጠብ።"

ጠባቂው በጆግ ውሃና ሳሙና አመጣ፤ እያፈሰሰላቸው ታጠቡ። አንገታቸውን፣ ክንዳቸውን፣ ጺማቸውን፣ ጊዜ ወስደው ታጠቡ።

"አሁንስ?"

"ነጭ ካናቴራ ካሜራ ያቃጥላል። የራሳቸው ሸሚዝ ይምጣ።"

ሸሚዙ መጣ። ኮፊያውንም አስመጣሁ፤ ግንባራቸው ያበራል አልኩ። ከዘራውን ደግሞ፣ እጅ ሥራ ከፈታ ይንቀጠቀጣል ብዬ አስመጣሁ። መርማሪው ሰዓቱን ያያል። የላይ አለቆቹ ጥሩ ምስል አምጣ ብለውት መሆን አለበት፣ ያልኩትን ሁሉ ያደርጋል። መነጽሩ ጋ ስደርስ የምፈጥረው የሙያ ሰበብ አለቀብኝና እውነቱን ተናገርኩ፤ "ያለ መነጽር ካሜራው የት እንዳለ አያዩትም" አልኩት። መነጽሩም መጣ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው። ምንም አላሉም። ከዘራቸውን በሁለት ጉልበታቸው መካከል ተክለው ቀና ሲሉ ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ሳናውቀው አቋማችንን አስተካከልን፤ መርማሪውም ጭምር።

"ይናገሩ" አለ መርማሪው። ፊት ለፊት አንቱ ሲላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ።

"አእምሮዬ ጤነኛ ነው" አሉ ሽማግሌው። "ቴሌቪዥን አየሁ። አሸነፈ አለ። እንኳን ደስ አለህ አልኩ። በማግስቱ የእናንተ ቴሌቪዥን ያንኑ አለ። ያየሁት ውሸት ነው ካላችሁኝ የቱ ላይ እንደዋሸ አሳዩኝና ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

መርማሪው አስቆመኝ። እንደገና። እሳቸውም እንደገና ያንኑ አሉ፤ ቃል አልጨመሩም፣ ቃል አልቀነሱም። ለሦስተኛ ጊዜ መርማሪው አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ በጆሮአቸው ለመናቸው። አባቱን አነሣ፣ ልጆቻቸውን አነሣ። አዳመጡት። መነጽራቸውን በጣታቸው ወደ ላይ ገፋ አድርገው፣ ከዘራቸውን አንዴ መሬት መታ አድርገው፣ ያንኑ አሉ።

መርማሪው ወደ እኔ ዞሮ "ምስሉ ጥሩ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ጥሩ ነው።"

"ካሴቱን አውጣ።"

ሰጠሁት። አመሰገነኝ። ያን ጊዜ እንኳ አልነቃሁም።

ወደ ክፍሉ ስንመለስ መነጽሩንና ከዘራውን ወሰዱ፤ ኮፊያውን ግን ረሱት ወይም ተዉላቸው። የዚያን ከሰዓት ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ነበር። ድንበሩን አልረሳሁም፤ ግን አሸንፈናቸዋል ብዬ አሰብኩ። ሽማግሌው ስለ ሠርግ ጠየቁኝ፤ ሙሽሮች ሲቀረጹ ለምን እንደሚደርቁ። አስረዳኋቸው። ሳቁ። ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ሲስቁ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ማታ፣ ጠባቂዎቹ ራታቸውን ሲበሉ፣ የዋናው ቴሌቪዥን ዜና ጀመረ። እዚያ አገር ዜና በየቋንቋው ተራ በተራ ይነበባል፤ ያን ምሽት ቀድሞ የመጣው የፈረንሳይኛው ነው። ሽማግሌው ፈረንሳይኛ አያውቁም። ስማቸው ሲጠራ ግን ቀና አሉ።

"እኔን ነው የጠራው። ምን አለ?"

ቀዳዳዋ ጋ ሄጄ አየሁ። ስክሪኑ ላይ ሽማግሌው ናቸው። ታጥበዋል፣ ሸሚዛቸው ንጹሕ፣ ኮፊያቸው ቀጥ ብሏል፣ ከዘራቸውን ይዘዋል። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፃቸው የለም። በላዩ ላይ አንባቢዋ ትናገራለች። በእርጅና ምክንያት የአእምሮ ሕመም ያጋጠማቸው እኚህ የተከበሩ አባት በመንግሥት በኩል ተገቢው እንክብካቤ እየተደረገላቸው ነው፣ እንደምታዩት በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛሉ፣ ለተደረገላቸውም ምስጋናቸውን አቅርበዋል አለች።

እንደምታዩት! እኔ ያስታጠብኩትን ፊት ነው የምታሳየው። እድፋቸውን ትቼው ቢሆን እብድ ናቸው ይሉ ነበር፤ ስላጸዳኋቸው ደግሞ ታካሚ ሆኑ። ከዚያ ጊዜ በኋላ ብዙ ነገር ደርሶብኛል፣ እንደዚያች ደቂቃ ግን ያቃጠለኝ የለም።

ጠዋት ውሃ ያፈሰሰላቸው ጠባቂ፣ ሦስቱንም ጊዜ እዚያው ክፍል ቆሞ የሰማው፣ ጉርሻውን ይዞ ራሱን ነቀነቀ።

"ምስኪን" አለ። "ታመው ኖሯል ለካ።"

ለሽማግሌው ነገርኳቸው። ማሳመር አልቻልኩም፤ እንዳለ ነው የነገርኳቸው።

"እኔ የተናገርኩትስ?"

"ድምፁን አጥፍተውታል። አፍዎ ብቻ ነው የሚታየው።"

ጆሯቸውን ወደ ኮሪደሩ አዘንብለው "በሶማሊኛ መቼ ነው?" አሉ።

"ይሄ ሲያልቅ።"

"ያው ምስል ነው የሚመጣው?"

"ያው ነው። ሦስተኛው ነው፤ መነጽርዎን የገፉበት።"

ተነሥተው ግድግዳውን እየዳበሱ በሩ ጋ መጡ። "አፌ ሲከፈት ንገረኝ" አሉኝ።

ገባኝ። ያን ምስል እኔ ቀርጬዋለሁ፤ መነጽር ሲገፋ፣ ከዘራ ሲመታ፣ ከዚያ ትንፋሽ፣ ከዚያ አፍ። ዓይኔን ቀዳዳዋ ላይ አድርጌ እጄን ትከሻቸው ላይ አሳረፍኩ። የሶማሊኛው አንባቢ ያንኑ ወሬ ጀመረ። ሽማግሌው ስክሪኑ ላይ ብቅ አሉ። መነጽር። ከዘራ። ትከሻቸውን ጨበጥኩት።

"አእምሮዬ ጤነኛ ነው!" አሉ በቀዳዳዋ።

በጉባኤ መካከል የሚናገሩበት ድምፅ መሆን አለበት፤ ኮሪደሩ አስተጋባው። ጠባቂዎቹ ወደ በሩ ዞሩ፣ ከዚያ ወደ ስክሪኑ፣ እንደገና ወደ በሩ። የምስሉ አፍና የበሩ ድምፅ ልክ ለልክ ገጥመዋል። "ቴሌቪዥን አየሁ። አሸነፈ አለ። እንኳን ደስ አለህ አልኩ..." አንባቢው በላያቸው ይናገራል፤ ማን ይስማው! "የቱ ላይ እንደዋሸ አሳዩኝና" ሲሉ ስክሪኑ ላይ ያሉትም እጃቸውን ዘረጉ። ብዙ ፊልም ገጣጥሜአለሁ፣ እንዲህ የገጠመልኝ ግን የለም።

አንዱ ጠባቂ ሮጦ ቴሌቪዥኑን አጠፋ። ሽማግሌው ስክሪኑ መጥፋቱን አላዩም፤ ንግግራቸውን እስከ መጨረሻው ጨረሱ። ከጎን ክፍል ያሉት የአገሬ ልጆች አጨበጨቡ። ብዙዎቹ ሶማሊኛ አይሰሙም፤ አንድ ሰው በበሩ በኩል መልስ ሲመልስ ሰምተው ነው ያጨበጨቡት። ውሃ ያፈሰሰው ጠባቂ ቀዳዳችን ጋ መጥቶ ቆመ። ይመታናል ብዬ ነበር። ዝቅ ባለ ድምፅ "አዴር፣ ይተዉ" ብሎ ቀዳዳዋን ዘጋት። የሰሙት እነዚያ ጠባቂዎችና እኛ ብቻ ነን። ከተማው ያየው ንጹሕ ሸሚዝ የለበሱ፣ ድምፅ የሌላቸው ታካሚ ነው።

በማግስቱ ጭነት መኪናው መጣልኝ። ስሰናበታቸው እጄን ይዘው "የነገን ዜና የምታውቀው አንተ አይደለህ? ነገ ምን ይሆናል?" አሉኝ።

"አላውቅም አዴር" አልኳቸው።

ዛሬ ድሬዳዋ ሠርግ እቀርጻለሁ። ቀልድ ለምን ተውክ ይሉኛል፤ ፉክክሩን አልቻልኩም እላለሁ። ከዓመታት በኋላ አንድ የጅቡቲ ሹፌር ለዘመዱ ሠርግ መጥቶ ቀረጽኩለት፤ የሽማግሌው ሰፈር ሰው ሆኖ ተገኘ። ጠየቅኩት። ለቀዋቸው ጥቂት ኖረው ቤታቸው እንደሞቱ ነገረኝ።

"መጨረሻቸው አላማረም፤ አእምሯቸውን ታመው ነበር" አለ።

"ማን አለህ?"

"ቴሌቪዥን ላይ አይተናቸዋል እኮ።"

ያ ሰፈር ከቴሌቪዥኑ የሚወጣውን ነገር የአየር ጠባዩን እንኳ አምኖ አያውቅም። ይቺን ግን አመነ። ከሁለቱ ቤተሰብ አንደኛው፣ እብድ ያስታረቀው እርቅ አይይዘንም ብሎ እርቁን አፈረሰ። "ሰው ሞተ?" አልኩት። "ሞተ" አለ። ስንት ብዬ አልጠየቅኩም፤ ደሙ እስከ ዛሬ እንዳልደረቀ ግን ነገረኝ።

በስልክህ ቅረጸኝ አልኩት። ከካሜራ ፊት ቆሜ አላውቅም፤ እንደ ሙሽሮቼ ደረቅኩ። ማን እንደሆንኩ፣ የት እንደታሰርኩ፣ ሽማግሌው ምን እንዳሉ፣ ምስላቸው እንዴት እንደተሠራ ሁሉንም ተናገርኩ። ለሁለቱም ቤት አሳያቸው ብዬ ለመንኩት። እሱም ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ወላሂ አሳያለሁ ብሎ ሄደ።

ተመልሶ ሲመጣ ሱቄ ገብቶ ተቀመጠ።

"አሳየሃቸው?"

"ሁለቱንም ቤት አሳየሁ። ሰብሰብ ብለው ነው ያዩት።"

"ምን አሉ?"

ከንፈሩን ነከሰ።

"ሳቁ" አለኝ። "'ይሄ ያ የቀልድ ቴሌቪዥኑ ሐበሻ እኮ ነው' አሉ። በጣም ነው የወደዱህ። 'ሙያውን አልረሳም፣ እውነት ያስመስለዋል' ብለውሃል።"

ከሠርግ ውጭ በሕይወቴ ቀልድ ሳልቀላቅል የሠራሁት ያንን ቪዲዮ ብቻ ነበር።